ለሻርክ ጠበቃ የቆሙት ጋሽ በየነ

የጋሽ በየነን ሞት የሰማሁት ለንደን፣ ሆሎዌይ ሮድ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው። የደወሉልኝ እህታቸው እትዬ አልማዝ ናቸው። «ማርታ፣ ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ዐረፈ» አሉኝ። መታመማቸውን አውቅ ነበር። በሚቀጥለው ፌርማታ ወርጄ አንድ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ያ ለቅሶ የሐዘን ነበር። ንዴቱ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ጋሽ በየነና እኔ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ባለ ትንሽ ቢሮ ለዓመታት አብረን ሠርተናል። ድርጅቱ ባሕር ውስጥ መጥለቅ የሚወዱ ሰዎችን ከለንደን እየመዘገበ ወደ ቀይ ባሕር ይልካል። ሰዎቹ መርከብ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጠልቃሉ፤ ዕድል ከቀናቸው ሻርክ አይተው ይመለሳሉ። ጋሽ በየነ የጠላቂዎቹ መሪ ነበሩ። እኔ ስልክ የማነሳ፣ ኢሜይል የምመልስ የቢሮ ሠራተኛ ነበርኩ።

እንግዲህ ይኸው ድርጅት ጋሽ በየነ በሞቱ በሁለተኛው ቀን ፎቶአቸውን በድረ ገጹ ላይ አወጣው። ሥሩ ላይ «የሻርኮች ወዳጅ፣ የቤተሰባችን አባል፣ ውዱ ካፒቴን ቤን» ይላል። ቤን! አብረዋቸው ያን ሁሉ ዘመን ሲሠሩ «በየነ» ማለት ያቃታቸው ሰዎች፣ እርሳቸው ሲሞቱ እንኳ ስማቸውን አልመለሱላቸውም። ካፒቴንም አልነበሩም። ከዚያ ዝቅ ብሎ «የእርሱን ፈለግ ተከትለው ከሻርኮች ጋር ይዋኙ፤ አሁኑኑ ይመዝገቡ» የሚል ነገር ተቀምጧል። እኒህን ሰው እንዴት እንዳባረሯቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፈውም።

ጋሽ በየነ የጉለሌ ልጅ ናቸው። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ባሕር ኃይል ገብተው ምፅዋ ጠላቂነት ተማሩ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን በጀልባ የመን ተሻገሩ፤ እዚያ የሰው መርከብ ሆድ ሲፍቁ፣ ቆይተውም ፈረንጅ ጠላቂ ሲመሩ ኖረው በመጨረሻ ለንደን በስደተኝነት ገቡ። «እኔ ባሕር የሌለው አገር ባሕር ኃይል ነኝ» ይሉ ነበር፤ ሲሉት ግን አይስቁም። አማርኛቸው ወታደር ቤት እንደቀረ ነው። ተቆጥተው «ዲሲፕሊን!» ሲሉ የቢሮው እንግሊዞች ሁሉ ቀና ይላሉ። ደስ ያላቸው ቀን ደግሞ ሁላችንንም «ጓዶች» ይሉናል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛ ደውሎ «ሻርክ ማየታችን ጋራንቲ አለው ወይ?» አለኝ። አለቃችን ሪቻርድ እንዲህ ስጠየቅ «አዎ በይ» ብሎ አስተምሮኛል። «አዎ» ልል አፌን ስከፍት ጋሽ በየነ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«ጌታዬ» አሉት በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛቸው፣ «የምንሄደው ሰው ቤት ነው። ባለቤቷ ቤት ትኑር አትኑር እኔ በምን አውቃለሁ? እኛ ደጁን እናንኳኳለን፤ ከፈተች እናያታለን፤ ካልከፈተች የኮራሉን ዐለት አይተን አመስግነን እንመለሳለን።»

ሰውዬው ስልኩን ይዘጋል ብዬ ስጠብቅ ሳቀና ተመዘገበ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ጋራንቲ አለ ብዬ አላውቅም። ምነው በዚያ ብቻ ጸንቼ በቀረሁ።

ሻርክ ለእርሳቸው ሁልጊዜ ሴት ናት፤ ሁልጊዜም ባለቤት ናት። ሐበሻ መሃል ተቀምጠው አንድ ሰው «ዓሣ ነባሪ» ብሎ ከጠራት ግን ምግቡም ጨዋታውም ይቀራል። «ዓሣ ነባሪ ሌላ፣ ሻርክ ሌላ! አንተን ዝንጀሮ ብልህ ደስ ይልሃል?» ይላሉ። አንድ ጊዜ ክርስትና ቤት የሕፃኑን አያት እንዲህ ተናግረዋቸው፣ እትዬ አልማዝ እጃቸውን ይዘው ነው ያወጧቸው።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ተጓዦቹን ቢሮ ሰብስበው ብሪፊንግ ይሰጣሉ። የኮት መስቀያው የኮራል ግድግዳ ይሆናል። እርሳቸው ራሳቸው ሻርክ ሆነው በወንበሮቹ መሃል ይዞራሉ። ያን ግዙፍ ሰውነት ይዘው ቀስ፣ ቀስ እያሉ ሲዞሩ ሰው መሳቅ ይጀምራል። ቀርበው ዓይን ዓይኑን ሲያዩት ግን ሳቁ ይቆማል።

«መጣች። ምን ታደርጋላችሁ?»

አንዱ «እዋኛለሁ» ይላል፤ ሌላው «ፎቶ አነሳለሁ» ይላል።

«ምንም አታደርጉም! እጅ ደረት ላይ። ዓይን ዓይኗ ላይ። ጀርባችሁን ለግድግዳው ስጡ። እየቀረበች ከመጣች ተሰብስባችሁ፣ ሳትጣደፉ፣ ወደ መርከብ። መንካት የለም። ማባረር የለም። መመገብ ደግሞ ጭራሽ የለም።» እዚህ ላይ ድምፃቸው ይወፍራል። «ሻርክ ሰው ብዪ አልተባለችም። ሰውና ሥጋ አንድ ላይ እንደሚመጡ እኛ ካስተማርናት ግን፣ ጥፋቱ የተማሪዋ ነው የአስተማሪው?»

አንድ ዓመት ድርጅቱ እኔንም ሥራውን እንዳይ ብሎ መርከብ ላይ ላከኝ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ከወንበር አልተነሳሁም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ በየነ የመስታወት ጭንብል አጥልቀውልኝ በመርከቢቱ ኋላ መሰላል ላይ አወረዱኝ። «መሰላሉን አትልቀቂ፤ ፊትሽን ብቻ ንከሪ» አሉኝ። ነከርኩ። ታች ሰማያዊው ውስጥ አንዲት ሻርክ ታልፍ ነበር። አልሮጠችም፣ አልዞረችም፤ የራሷ ሐሳብ ያላት ሴት መንገድ ላይ ስትሄድ እንደምትመስለው ነበረች። ቀና ስል እያለቀስኩ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጋሽ በየነ ፎጣ ሰጥተውኝ ሌላ ወሬ ጀመሩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገባችን የቆመ የሌላ ድርጅት መርከብ የዓሣ ጭንቅላት ወደ ባሕር ሲወረውር አዩ። በጎማ ጀልባ ብቻቸውን ሄደው፣ ከሥር ቆመው፣ በዐረብኛም በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጮኹባቸው። እነዚያ ከላይ ሆነው ስልክ አውጥተው ይቀርጿቸዋል፣ ይስቃሉ። ሲመለሱ ቀጥ ብለው እኔ ጋ መጡ። «ማርታ፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር እኔ በሕይወቴ እያለሁ አይደረግም» አሉኝ።

ተደረገ። ያደረግነው ደግሞ ከጀርባቸው ነው። «ያደረግነው» የምለው አፌ አምልጦኝ አይደለም።

በቀጣዩ ዓመት ሻርክ ሳያዩ የተመለሱ ደንበኞች ኢንተርኔት ላይ መጥፎ ሪቪው ጻፉብን። ሪቻርድ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ ለመርከቢቱ ምግብ አብሳይ መልእክት እንድልክ አዘዘኝ። «የወጥ ቤቱ የዓሣና የሥጋ ትርፍ ከእንግዲህ እየተጠራቀመ ጠዋት ጠዋት ከመርከቡ ኋላ ይጣል» በይው አለኝ። «ለቤን መንገር አያስፈልግም፤ የወጥ ቤት ጉዳይ ነው» አለ። ገብቶኝ ነበር? ሙሉ በሙሉ አልገባኝም ብል ደስ ባለኝ። ጣቴ ስልኩ ላይ ትንሽ ቆሟል። ከዚያ ጻፍኩት፤ ላክሁት፤ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

መልእክቱን በላክሁ በሰባተኛው ሳምንት ሔለን የምትባል የኬኒንግተን አስተማሪ በጠዋቱ ጠልቃ ወደ መሰላሉ ስትመለስ ሻርክ ባቷን ነከሰቻት። መሰላሉ ያለው ከመርከቡ ኋላ ነው፤ ልክ ትርፉ የሚጣልበት ቦታ ላይ። ጋሽ በየነ ልብሳቸውን እንደለበሱ ዘለው ገብተው አወጧት፤ ጭኗን በቀበቶ አሰሩ። ወደቡ ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። ስድስቱን ሰዓት ቁስሉን በእጃቸው ጨምቀው ይዘው፣ እንዳትተኛ የጉለሌን ሰፈር ሰው አንድ በአንድ ሲያወሯት እንደነበር በኋላ ራሷ ነግራኛለች። እግሯ ተረፈ። የባቷ ግማሽ ግን ባሕር ውስጥ ቀረ።

የወደቡ ሰዎች ደግሞ መንጠቆ ይዘው ወጡ። ሦስት ሻርኮች ገድለው በጭራቸው ሰቀሏቸው፤ ፎቶው እኛ ቢሮ ድረስ ደረሰ። የትኛዋ ትሁን የትኛዋ አትሁን የጠየቀ የለም። ሪቻርድ ፎቶውን አይቶ «ቢያንስ ችግሩ ተወግዷል» ሲል ሰምቻለሁ። ትርፍ አስጣዩ ሰው ቡናውን ይጠጣል፤ ችግር የተባሉት እነዚያ ተሰቅለዋል!

ጋሽ በየነ ለንደን የገቡት በማግስቱ ነው። ሻንጣቸውን እንደያዙ ቢሮ መጡ። ሪቻርድ የተዘጋጀ ስቴትመንት ሰጣቸው። «ተጓዧ የመሪውን ትእዛዝ ጥሳ ከቡድኑ ተለይታ ዋኘች፤ ሻርኳም ያለ ምንም ምክንያት አጠቃቻት» ይላል። እንዲፈርሙ ነው የተፈለገው። መነጽራቸውን አውጥተው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ይህቺ ልጅ ትእዛዝ አልጣሰችም» አሉ። «ከጎኔ ነበረች። ሻርኳም ያለ ምክንያት አላጠቃችም። ምክንያቱን አብሳዩ ነግሮኛል።»

«ቤን» አለ ሪቻርድ፣ «ይኼ ለኢንሹራንስ የሚገባ ወረቀት ነው። ካልፈረምክ ጥፋቱ የመሪው ይሆናል፤ ማለት ያንተ።»

«የኔ ይሁን። በልጅቱና በማትናገረው ፍጥረት ላይ ግን አልፈርምም።»

በዚያው ቀን ከሥራ አሰናበታቸው። ቢሮው ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም ፊታችንን ወደየኮምፒውተራችን አዞርን። ጋሽ በየነ የኮት መስቀያውን ዞረው እኔ ጋ መጡ። ስልካቸውን ከፍተው አብሳዩ የላከላቸውን መልእክት ከፊቴ አደረጉት። ከላይ የኔ ስም አለ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ ጋሽ በየነ። እንድጽፍ ታዝዤ ነው።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። «ወታደርም እንዲህ ነው የሚለው» አሉ። «እኔም ስንት ዓመት እንዲህ ብያለሁ።» ሊሄዱ ዘወር ካሉ በኋላ ተመለሱ። «ልጆች አሉሽ። ስምሽን አላነሳም፤ አትጨነቂ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያቺን «አትጨነቂ» እስከ ዛሬ ተሸክሜያታለሁ።

ሔለን ከሆስፒታል እንደወጣች ጋሽ በየነ ኬኒንግተን ቤቷ ድረስ ሄዱ። በሩን ስትከፍት በክራንች ቆማ ነበር። ድርጅቱ አስቀድሞ ደብዳቤ ጽፎላት፣ መሪው ስላላስጠነቀቃት ነው የተነከሰችው ብሎ ነግሯታል። ለእርሳቸው «ጥፋቱ የሷ ነው ብለህ ፈርም»፣ ለእሷ «ጥፋቱ የመሪው ነው»! እንዲህ ያለ ዓይን አውጣነት እንኳን ሰምቼ፣ አስቤም አላውቅ።

«ምን ልትል መጣህ?» ብላ ጮኸችባቸው። «አንተን አምኜ ነው የገባሁት!»

ጋሽ በየነ ደረጃው ላይ ዝናብ እየመታቸው ሁሉንም ነገሯት። ስለ ትርፉ፣ ስለ መሰላሉ፣ ስለ ስቴትመንቱ። «ነገሩን ማወቅ ነበረብኝ። መርከቢቱ ላይ ነበርኩ፣ አላወቅሁም። ያ የኔ ነው። ሌላው ግን እውነቱ ይኼ ነው፤ ፍርድ ቤት ከጠሩኝ እንዲሁ እናገራለሁ» አሏት። ሔለን ያን ቀን በሩን ዘጋችባቸው። በሳምንቱ ራሷ ደወለችላቸው።

ድርጅቱን ልትከስ የያዘችው ጠበቃ ማስረጃ ሲፈልግ ጋሽ በየነ የኔን መልእክት አልሰጡትም። ቃላቸውን ጠብቀው፣ ያለ ማስረጃ፣ እንደ ውሸታም ስደተኛ ሊቆጠሩ ተዘጋጁ። ይህን የነገሩኝ እትዬ አልማዝ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ይዘውኝ፣ «ማርታ፣ ወንድሜ አንድ ወረቀት ደብቋል፤ አንቺን ሲል ነው አይደል?» አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ሥራዬን በአንድ መስመር ኢሜይል ለቅቄ፣ ሪቻርድ ያዘዘኝን ጽፌ ከላክሁት መልእክት ጋር ለጠበቃው ወስጄ በእጁ ሰጠሁት። ጀግንነት አትበሉት፤ የዘገየ ነገር ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በዝግ በር ተስማምተው አለቀ። ሔለን ካሳዋን አገኘች። ሪቻርድ አልተከሰሰም፤ ስሙም አልተነሳም። ድርጅቱ ድረ ገጹን አሳድሶ «ከሻርክ ጋር በኃላፊነት» የሚል መፈክር ለጠፈ። ከሥሩ የተዘረዘሩት ደንቦች ቃል በቃል የጋሽ በየነ ናቸው፦ እጅ ደረት ላይ፣ ጀርባ ለግድግዳው፣ መመገብ ክልክል! እርሳቸው ግን ለስንት መርከብ ድርጅት አፕላይ ቢያደርጉ «ሰው የተነከሰበት መሪ» ተብለው የሚቀጥራቸው ጠፋ። ባሕር ሲያስሱ የኖሩ ሰው ሆሎዌይ ባለ መዋኛ ገንዳ ዳር ቆመው አሮጊቶችንና ሕፃናትን ዋና ማስተማር ጀመሩ። «ገንዳውም ውሃ ነው» አሉኝ አንድ ቀን፤ እንዳላዝንላቸው።

እዚያ ገንዳ ሔለንም መጣች። ከአደጋው ወዲህ ገንዳ ቀርቶ ሻወር ውስጥ መቆም እየከበዳት ነበር። ጋሽ በየነ አላጣደፏትም። የመጀመሪያውን ወር ከዳር ተቀምጣ እግሯን ብቻ አስነከሯት፤ ጠባሳዋ ላይ የሚያፈጥ ሰው ሲመጣ ግዙፍ ሰውነታቸውን መሃል ያስገባሉ። አንድ ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ ሔለን ራሷ «እዚያው ባሕር መመለስ እፈልጋለሁ፤ ካንተ ጋር» አለቻቸው። አንድ ትንሽ መርከብ፣ ምንም የማትወረውር፣ ፈልገው አገኙ። እንደ ማንኛውም ተጓዥ ከፍለው ሄዱ። በሽታው ያን ጊዜ ጀምሯቸዋል፤ ለማንም አልነገሩም።

የሆነውን ሔለን የነገረችኝ ከቀብሩ በኋላ እትዬ አልማዝ ቤት ነው። ከለቀስተኛው ፈንጠር ብለን መስኮቱ ሥር ተቀምጠናል። በጉዟቸው በሦስተኛው ቀን፣ አለችኝ፣ ከጥልቁ አንዲት ሻርክ ወጣች። ሔለን መላ ሰውነቷ ደረቀ። ጋሽ በየነ ክርናቸውን ከክርኗ አጣበቁ፤ ሁለቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጀርባቸውን ለኮራሉ ግድግዳ ሰጡ። ሻርኳ ቀረበች፤ አየቻቸው፤ አንድ ጊዜ ዞራ ወደመጣችበት ሰማያዊ ወረደች።

«መርከብ ላይ ስንወጣ» አለች ሔለን፣ «ጭንብሉን አውልቆ ወደ ውሃው ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። በእናንተ ቋንቋ አንድ ቃል ደጋገመ። እንዳልረሳው በቃሌ ይዤዋለሁ።» ከዚያ ከንፈሯን አሹላ፣ እየተጠነቀቀች፣ «ይቅርታ» አለች። «ምን ማለት ነው?»

ነገርኳት።

ወደ እኔ ዞረች። «ለኔ ነው ለሻርኳ?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ያን ቃል ሊለው የሚገባው ሰውዬ ካሌዶኒያን ሮድ ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል፤ ለሔለንም፣ ለተሰቀሉት ሦስቱም፣ ለጋሽ በየነም እስካሁን አላለውም።